የኤር ፍራየር ጎመኔና የእትዬ ስንቅነሽ ጋን

ወገን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ከተማ ላይ የሆነውን ጉድ ከባጃጅ ሾፌር ከመስማታችሁ በፊት ከራሴ አፍ ስሙት!

ባጃጆቹ ዘንድ ታሪኩ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተሻሽሏል። በመጨረሻው ወሬ እኔ አንድ የተከበሩ ሐጂ አስክሬያለሁ።

አላሰከርኩም!

ጎመን ነው ያበላሁት። ጎመን!

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለበለዚያ ኮሜንት ላይ ትበሉኛላችሁ።

አዲስ ለመጣችሁ ፎሎወሮች፣ ዘሃራ እባላለሁ። ሰባት ዓመት ዱባይ ሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ የሐይቅ ልጅ ነኝ። ለውጥ መጣ ተብሎ ሲጨፈር አልነበርኩም። ጦርነት መጣ ተብሎ ሲሮጥም አልነበርኩም። መብራት በቀን ሦስቴ መጥፋት ሲጀምር ግን በሰዓቱ ደረስኩ። ምን ላድርግ፣ ዕድሌ ሰዓት አክባሪ ነው።

የሠራሁበት ቤት አባወራ ጀርመን ነበር። ጀርመኖች ደግሞ ሳወርክራውት የሚሉት ምግብ አላቸው። ስሙን ስትሰሙት ሰው የተሳደበ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጥቅል ጎመን ነው። በቀጭን በቀጭኑ ትከትፉታላችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ ውኃው እስኪወጣ ታሹታላችሁ፣ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ድንጋይ ትጭኑበታላችሁ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ትረሱታላችሁ። ይቦካል፣ ይኮመጥጣል። ሰውዬው ሐሙስ ሐሙስ እሱን ካልበላ ቤቱን ሁሉ ያኮርፍ ነበር።

እኔ ደግሞ አሻሻልኩለት። የኮመጠጠውን ጎመን እጨምቅና ከተቀቀለ ድንች ጋር አሸዋለሁ። የሽምብራ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። እንደ ሎሚ አድቦልቡዬ ወደ ኤር ፍራየር! አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ። ከላይ ክሪስፒ፣ ከውስጥ ለስላሳና ኮምጣጣ። እንግዳ ሲመጣ ከእራት በፊት አፒታይዘር ብዬ ሳቀርበው፣ ማዳም "ራሴ ነኝ የሠራሁት" ትላቸው ነበር። እኔም በሩ ሥር ቆሜ "እጅሽ ይባረክ" እላታለሁ፣ በሆዴ።

ኤር ፍራየር ምንድነው ለምትሉ፣ ባልዲ የምታህል የኤሌክትሪክ ዕቃ ናት። በዘይት ፋንታ በሙቅ አየር ትጠብሳለች። አዎ፣ በአየር። እኔም መጀመሪያ ሲነገረኝ አላመንኩም።

የእኛዋ ኤር ፍራየር ግን ታሪክ አላት፤ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ከመመለሴ በፊት በሰው እጅ ለእናቴ ላክሁላት። እማ ምን እንደምትሠራ አልገባትም፤ በቪዲዮ ኮል ሳስረዳት "እሺ እሺ" ብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት፣ ዳንቴል አለበሰቻት። ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ልጁንና ፍራሹን ይዞ ወደ ደሴ ወጣ። እማስ? እማ ኤር ፍራየሯን በሶ ሞልታ፣ በነጠላ አዝላ፣ በእግሯ ወጣች!

መንገድ ላይ ሰው ሕፃን እየመሰለው "አብሽሪ እናቴ፣ ወንድ ነው ሴት?" ይላት ነበር አሉ።

"ሴት ናት፣ ስሟ ዘሃራ" ትል ነበር አሉ።

እኔ ያኔ ዱባይ ነኝ። ስልክ ተቋርጧል። ለሳምንታት እናቴ ትኑር ትሙት ሳላውቅ የሰው ሳህን አጥብ ነበር። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ይቅርታ። አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ማልኩ፦ ያ ረቢ፣ ደግሜ ካገኘኋት ደግሜ ጥያት አልሄድም።

አገኘኋት። በሶው አልቋል፤ ኤር ፍራየሯ ግን ጭረት እንኳን የላትም።

መማል ቀላል ነው። ከማሉ በኋላ ምን እንደሚበላ ግን አላህ ነው የሚያውቀው። ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ሥራ ስጠይቅ "ምን ትችያለሽ?" ይሉኛል። ማጽዳት፣ መተኮስ፣ ጀርመን ማስደሰት። ለመጨረሻው ሐይቅ ላይ ብዙ ፈላጊ የለም።

በዚህ መሀል ወደ ዐረብ ሀገር ሠራተኛ የሚልከው ደላላ ደወለ። ሪያድ ጥሩ ቤት ተገኝቷል፣ ቪዛው ወጥቷል፣ እስከ ማክሰኞ ማታ እሺ ወይም እምቢ በይ አለኝ።

ማክሰኞ ዛሬ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ፕላን ቢ ነበረኝ እኮ! ሞኝ አይደለሁም። ማለቴ፣ ጠዋት ላይ ሞኝ አልነበርኩም።

ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ሰው ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት አላቸው። ቤታቸው ይሞላል፤ ችግራቸው ዓሣው እስኪጠበስ እንግዳው ጠረጴዛ መደብደብ ይጀምራል። አፒታይዘር ያስፈልጋቸዋል። ከደሴ የመጣ ሰው፣ ወደ ግሸን የሚያልፍ ተሳላሚ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያርፈው።

የወሎን ጠረጴዛ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከድርና ዮሐንስ አብሮ አደጎች ናቸው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሥጋ ይታዘዝ ቢባል ማን ያረደው? የአንዱን ሌላው አይበላም፤ ዓሣ ግን የሁላችንም ነው። ጾም ቢሆንስ? ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም፤ ባለፈው ሦስት ፎሎወር ከስሬበታለሁ። ጎመን ግን ማን ይከራከርበታል? እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው፣ ቢላ የለው! ከድርም ዮሐንስም በጾምም በፍስክም ይበሉታል። በሀገሪቱ የጠፋውን መግባባት እኔ በጎመን ላመጣው ነበር።

ሐጂ ሐሳቡን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ሥሪና አቅምሺኝ፤ ከጣመኝ ከነገ ጀምሮ ኩሽናው ያንቺ ነው" አሉኝ።

ኩሽናው ያንቺ ነው! ከሰባት ዓመት የሰው ኩሽና በኋላ ይህ ቃል እንዴት እንደሚጥም ለእናንተ ማስረዳት አልችልም።

እሺ፣ ጎመኑን ምን ውስጥ ላቡካው?

ዱባይ ትልልቅ የብርጭቆ ዕቃ ነበረ። ሐይቅ ላይ ያገኘሁት የዘይት ጀሪካን ነው። ይህን አጥር ለአጥር ለጎረቤታችን ለእትዬ ስንቅነሽ ነገርኳት።

እትዬ ስንቅነሽን ላስተዋውቃችሁ። ማተብ አንገቷ ላይ፣ "ወላሂ" አፏ ላይ። የሐይቅ ሰው ናታ! ጠላ ሻጭ ናት፤ እናቷም ጠላ ሻጭ ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ እሷ አልሸሸችም። "ጋን በጀርባ አይታዘልም" ብላ ቀረች። የእኛን በር የሚደበድብ ሲመጣ "የእህቴ ቤት ነው፣ ምንም የለበትም" እያለች ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ነው የከረመችው። ስለዚህ ዛሬ የሆነው ሁሉ ሆኖ እሷን መቆጣት አልችልም። ሞክሬያለሁ፣ አይቻልም።

"ለጎመን ነው? ጋን እያለ ጀሪካን ምን ይሠራል! እኔ ጋን እሰጥሻለሁ። ደሞ እንዳለ አልሰጥሽም፣ አጥቤ አጥኜ ነው" አለችኝ።

አጥባ አጥና! ማዳም ዕቃ ስቴሪላይዝ አድርጊ እያለች ሰባት ዓመት ጆሮዬን በልታዋለች። ሐይቅ ላይ ሳይጠይቋት ስቴሪላይዝ የምታደርግ ጎረቤት! እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ጋኑ መጣ። በግራዋ ተፈትጓል፣ በወይራ ታጥኗል፣ ውስጡ ጥቁር እስኪል ድረስ። ምናለበት አንዴ እንኳን "ይህ ጋን እስከ ትናንት ምን ሲሠራ ነበር?" ብል?

አላልኩም።

እኔ በእስላም ቤት ያደግሁ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከሀገር የወጣሁ ልጅ ነኝ። ጠላ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጋን በግራዋና በወይራ የሚሰናዳው ለምን እንደሆነ ማን ነገረኝ? ለጽዳት መስሎኝ ነበር! እትዬ ስንቅነሽ ደግሞ በደግነቷ፣ ለራሷ ለፋሲካ ጠላ እንደምታሰናዳው አድርጋ ነው ያሰናዳችልኝ። ያ ጋን ጌሾና ብቅል ሲጠጣ አርባ ዓመት ኖሯል። እኔ ጎመን አልብሼ ሰላም በል አልኩት።

ጋኑ ሳሎናችን ጥግ፣ የእማ መስገጃ ከሚነጠፍበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ።

በአምስተኛው ቀን ማውራት ጀመረ። ቡልቅ፣ ቡልቅ።

"ፈርመንቴሽን ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው" አልኳት እማን፣ እንደ ፕሮፌሰር።

እማ ጋኑን ዞራ አየችው። ጋቢ አምጥታ አለበሰችው። አንዲት ዘመዳችን ልትጠይቀን መጥታ ጋኑ ሲቡለቀለቅ ብትሰማ፣ እማ ዓይኗን ሳታሽ "ቧንቧው ነው" አለቻት። ቧንቧችን ውኃ ካየ ሁለት ሳምንት ሆኖታል! ሴትዮዋ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ያኔ እንኳን አልነቃሁም!

ሲደርስ ቀመስኩት። ኮምጣጣ፣ ጠንከር ያለ፣ ከኋላው ደግሞ አንድ የጢስ ጠረን አለው። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ስሞክድ ፍሌቨር! ዱባይ ሰው ለዚህ ይሞታል አልኩ። ከጀርመኖቹም በለጥኩ ብዬ ለራሴ ፎቶ አነሳሁት። ያ ፎቶ ነው እሁድ ዕለት "ትልቅ ነገር እየመጣ ነው" ብዬ የለጠፍኩላችሁ። የልብ ምልክት ያደረጋችሁ ሁሉ ተባባሪዎቼ ናችሁ።

ትልቁ ነገር ዛሬ መጣ።

ሐጂ ከዙሁር ሰላት በኋላ ሊመጡ ቀጠሮ ነው። ሃያ አራት ፍሬ አድቦልቡዬ አስገባሁ። በሰባተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ቆሜ አለቀስኩ። ሐጂ በሩን ሲያንኳኩ መብራት መጣ! ይህን የአላህ ምልክት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከእንግዲህ ምልክት አልተረጉምም።

ሐጂ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ሒና ተቀብተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እማ የክብር ቦታ አስቀመጠቻቸው። እኔ ነጭ ሳህን ላይ፣ መሀሉ ላይ ቃሪያ፣ ዙሪያውን ጎመን፣ የሆቴል ፕረዘንቴሽን! ቅርፊቱ ወርቅ መስሏል። ስሰብረው ድምፁ እስከ በር ይሰማል።

"ማሽአላህ! ይሄ ጎመን ነው?"

"ጎመን ነው ሐጂ፣ ያለ ዘይት በአየር የተጠበሰ።"

"በአየር! ሱብሃነላህ። ቢስሚላህ" ብለው አንዱን ጎረሱ።

ክርርርች።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አኘኩ። ፈገግ አሉ! እማን አየኋት፣ እማም አየችኝ። በዚያች ቅጽበት ሪያድ ድራሹ ጠፋ። ኩሽናዬን በዓይኔ አየሁት፣ ሽርጤን አየሁት፣ እማ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ዓሣ ስትበላ አየኋት።

ሐጂ ሁለተኛውን አነሱ። ግማሹን ገመጡ።

ቆሙ።

ግማሹን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አራቁት። እንደገና አስጠጉት።

"ልጄ" አሉኝ በቀስታ፣ "ይሄ ነገር ጠላ ጠላ ይላል።"

አሁን ስሙኝ። ሰው የሚድንበት ቀዳዳ እዚህ ላይ ነበረ። "አውፍ ይበሉኝ ሐጂ፣ ዕቃው ይሆናል፣ ደግሜ ልሥራው" ቢባል ያልፍ ነበር። ማንኛዋም ጤነኛ ልጅ እንዲህ ትል ነበር።

እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው?

"ሐጂ፣ እርስዎ የጠላን ጠረን በየት አወቁት?"

ወላሂ አፌ ነው! እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው! ሰባት ዓመት "የስ ማዳም" ሲል ኖሮ፣ ነፃ መውጣቱን ለማሳየት ዛሬን መረጠ።

 ጋኑ ብቻ ጥግ ላይ ቡልቅ አለ።

ሐጂ ግማሹን ጎመን ሳህኑ ላይ መለሱት። ተነሡ። ወደ ግቢ ወጥተው የውዱእ ውኃ ያለበትን ጀበሎ አንስተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። እማ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ "ሐጂ፣ ጎመን ብቻ ነው፣ በዲኔ እምላለሁ" እያልኩ ከኋላ ከኋላ እላለሁ።

ይህ እንኳን ይበቃ ነበር አይደል? አልበቃም።

እትዬ ስንቅነሽ አጥሩ ላይ ብቅ አለች። ከኋላዋ የጠላ ጠጪዎቿ አምስት ስድስት ሆነው ጣሳቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አስግገዋል።

"ምነው ሐጂ? ጎመኑ አልሆነም እንዴ? ጋኑ እኮ የኔ ነው! ራሴ ነኝ ያጠንኩት፣ ወላሂ!"

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። እኔ በምልክት፣ በዓይን፣ በእጅ፣ በሁለቱም እጅ ዝም እንድትል ለመንኳት። የሰላምታ መሰላት መሰለኝ፣ እጇን አውለበለበችልኝ።

"ደሞ ሐጂ ጋኑን ያውቁታል!" አለች በኩራት። "የእናቴ ጋን አደለም? የጭነት መኪና ሾፌር ሳሉ፣ ወልዲያ ደርሰው ሲመለሱ፣ እዚችው ጋር አደለም መኪና የሚያቆሙት! 'ከደሴ እስከ ወልዲያ እንዲህ ያለ አላየሁም' ይሉ ነበር፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት አወራችው!"

አጥሩ ላይ ካሉት አንዱ ትን አለው።

እኔ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጠበቅሁ። መሬቷ ሥራ ላይ ነበረች።

ሐጂ ግን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዘራቸውን አስተካክለው "ስንቅነሽ፣ ያ ሌላ ሰው ነበር። ተውበት አድርጎ ትቶታል" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይሄን ጠረን ለመርሳት ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺ በአንድ ጎመን መለስሽልኝ።"

ወጡ። በሩን እንኳን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

የጠየቅሁት ጥያቄ ያኔ ነው መልሶ የመታኝ። እኔ ነገር ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ታግለው የጣሉትን ነገር፣ እኔ በቤቴ፣ በነጭ ሳህን አቅርቤ፣ ደግሞ ከየት አወቁት እላለሁ? ፊቴ እስካሁን ይነዳል። ሐጂ ይህን ካነበቡ አውፍ ይበሉኝ። እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ የልጅ ልጃቸው ግን ፎሎው ታደርገኛለች።

ታዲያ ሳህኑስ?

እትዬ ስንቅነሽ "ምግብ አይጣልም" ብላ በአጥሩ ቀዳዳ ወሰደችው። ሃያውን ፍሬ በአምስት ደቂቃ ጨረሱት! ወዲያው ከአጥሩ ማዶ "ያቺ የዱባይ ልጅ! ነገም አለ ወይ?" የሚል ድምፅ መጣ። እንኳን ደስ አላችሁ፣ ሥራ አገኘሁ። የሐጂ ሙሳ ልጅ፣ ሐጅ አድርጎ የሞተ ሰው ልጅ፣ የጠላ ቤት አፒታይዘር ኃላፊ!

አባቴ ቢሰማ ከቀብሩ ተነሥቶ ራሱ ዓሣ አጥምዶ ያበላኝ ነበር።

ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ስልኬ ጠራ። ደላላው ነው። አላነሳሁም። ደግሞ ጠራ። ላነሳው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ "እሺ" ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ቀረኝ?

እማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዳፏ ውስጥ አንድ የጎመን ፍሬ አለ፣ ከሳህኑ ላይ ሸሽጋ ያስቀረቻት። የእኔ እናት፣ የጠላ ጭስ እንዳይነካት የልብስ ገመዷን ከአጥሩ ያራቀች ሴት፣ "ቢስሚላህ" ብላ ጎረሰቻት!

"እማ! ምን ማድረግሽ ነው?"

"ጎመን ነው። ጎመን ሐራም ነው ሲባል አልሰማሁም። የጠጣው ጋኑ፣ ጎመኑ ምን በወጣው።" አኘከች። "ጨው ጎድሎታል።"

"ጠረኑ አልሸተተሽም?"

"ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሸቶኛል።"

በአላህ! ከሁለተኛው ቀን!

"ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምነው ዝም አልሽኝ?"

እማ ወደ ሐይቁ በኩል አየች። እኔን አላየችኝም።

"ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ድምፅ አልነበረውም። ጋኑ ቡልቅ ሲል አንቺ ትስቂያለሽ፣ ትዘፍኛለሽ፣ ጎመን ትከትፊያለሽ። አይሆንም ብልሽ ሻንጣሽን ታወጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ለእኔ ጠላ ቢሸት ምን ቸገረኝ? ብቻ አትሂጂብኝ።"

ያለቀስኩት ለሐጂ አይደለም፣ ለኩሽናውም አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላቷን ከጠላ ጋን አጠገብ ስትሰግድ፣ እኔ "ፈርመንቴሽን ነው" እያልኩ ሳስተምራት ነበር። ናፍቆት እንዲህ ሰውን እንደሚያስችል አላውቅም ነበር።

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። እማ ከእጄ ቀማችኝ። ወደ ቤት ገባች። ኤር ፍራየሯን ከፈተች፣ ስልኩን አስገባች፣ ከደነች። ዳንቴሉንም አለበሰቻት።

"በሶዬን አትርፋልኛለች" አለች፣ "ልጄን አታተርፍልኝም?"

እዚህ ውስጥ ሆኖ ሲጠራ እንዴት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? ከጉድጓድ እንደሚጮህ እንቁራሪት። እማና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ነገ ከእማ ጋር ገበያ ወጥተን አዲስ ማሰሮ እንገዛለን፣ ማንም ያላጠነው፣ ማንም ያልጠጣበት። ጎመኑ ቦክቶ ሲደርስ የመጀመሪያውን ሳህን ይዤ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፣ ሐጂ በሩን ቢዘጉብኝ እንኳን ይቅርታዬን በሩ ሥር አስቀምጬ እመለሳለሁ። አፌን ግን እቤት ትቼው ነው የምሄደው።

የዛሬው ትምህርት፦ ዕቃ ስትዋሱ ታጥቧል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። ምን ሲጠጣ እንደኖረ ጠይቁ።

ስልኬን አሁን ነው ያወጣሁት፣ እማ ለመግሪብ ሰላት ስትነሣ። አሥራ አራት ሚስድ ኮል አለው፤ በጎመን ጎመን ይሸታል። ደላላው ደግሞ መልስ እየጠበቀ ነው።

በነካ እጃችሁ ንገሩኝ እስቲ፣ "አልመጣም፣ እናቴ ኤር ፍራየር ውስጥ ደብቃኛለች" ብዬ ብጽፍለት ያምነኛል?